ሰባተኛው ወንበር

ሰው ቤቴ መጥቶ ሲሄድ ማንኪያ እቆጥራለሁ። አላፍርበትም። የሚቆጥረው ብዙ ነው፤ ልዩነቱ እኔ አለመደበቄ ነው። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ይባላል። እኔ ፈረሱን ገና ከሩቅ ሳየው ስለምጠረጥረው እስካሁን የጣለኝ የለም። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «አንቺን እኮ ፈረሱም ይጠረጥርሻል» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ደግሞስ የሚጠበቅ ነገር ያለው ሰው ካልጠረጠረ ምኑን ጠበቀው? ቤቴ አሮጌ ነው። ከአማቴ የወረስነው፣ ወለሉ ጣውላ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ከበሩ በላይ ባለቀለም መስታወት ያለው ቤት ነው። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ከዚያ መስታወት ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ኮሪደሩ ላይ ይፈሳል። ማንም የማያየኝ ከሆነ በባዶ እግሬ እረግጠዋለሁ። ጣውላዎቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድምፅ አላቸው፤ ወጥ ቤት ሆኜ እንግዳው የት ክፍል እንደገባ፣ ቡፌው አጠገብ ቆሞ እንደሆነ፣ ቆሞም ምን ያህል እንደቆየ በሲጥሲጥታው አውቃለሁ። የግድግዳው ሰዓት ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። አላሠራውም። ሠሪው ሆዱን ከፍቶ ምን አውጥቶ ምን እንደሚያስገባ ምን አውቄ? ጓሮ ደግሞ ጽጌረዳዎቼ አሉ፣ የሎሚው ዛፍና ከሥሩ ያለው የድንጋይ መቀመጫ አለ። ከሰዓት በኋላ እዚያ ቁጭ ብዬ የሎሚ ቅጠል በእጄ እያሸሁ ማሽተት የመሰለ ደስታ የለኝም። የጎረቤቴ ዶሮዎች የሚገቡበት የአጥር ቀዳዳም ከዚያ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል።

ከሁሉም በላይ ግን ወንበሮቹ። ስድስት የምግብ ወንበሮች ናቸው፤ ከጥቁር እንጨት የተሠሩ፣ መደገፊያቸው ላይ የወይን ቅጠል የተቀረጸባቸው፣ መቀመጫቸው በሸንበቆ ልጥ የተጠለፈ። ያሠሯቸው የባሌ አያት ናቸው። አማቴ ሊሞቱ ሲሉ እጄን ይዘው «ልጆቼስ ለራሳቸው ያውቃሉ፤ ወንበሮቹን ግን አደራ» ብለውኛል። አደራ ደግሞ አደራ ነው። በየሳምንቱ በሰም አሻቸዋለሁ። ጭረቶቹን ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ እለያቸዋለሁ፦ ይቺ ሴት ልጄ በሕፃንነቷ በማንኪያ የደበደበቻት፣ ይቺ የባሌ ቀበቶ ዘለበት ያመጣት፣ ይቺ ደግሞ አማቴ ተናደው ቁልፍ የወረወሩ ዕለት የተፈጠረች። ቤቴ የመጣ እንግዳ ይህን ትርኢት ሳያይ አይሄድም። ልጄ አግብታ ሩቅ ከተማ ስትሄድ «እማዬ፣ ከእኔ ይልቅ እነሱን ነው የምትናፍቂው» ብላኛለች። ዋሸሽ አላልኳትም።

እንዴት እንደምጠብቃቸው እንድታውቁት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ቤቱን ቀለም ስናስቀባ፣ ቀቢዎቹ እንዳይቀመጡባቸው ብዬ ስድስቱንም በላስቲክ ጥፍር አድርጌ ጠቀለልኩና ጓሮ ያለው ዕቃ ቤት ቆለፍኩባቸው። ወዲያው እናቴ ታመመችና ወደ እሷ ስሄድ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሄድኩ። አስታምሜ፣ ቀብሬ ስመለስ ክረምቱ አልፎ ነበር። ባሌ ቤቱን አጽድቶ፣ ወንበሮቹን ጠረጴዛው ዙሪያ ደርድሮ ጠበቀኝ። ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ «ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ በምን ከፈትከው?» አልኩት። «በሩን ከማጠፊያው ፈታሁት» አለኝ። ሐዘን ላይ ስለነበርኩ ጣቴን ጭረቶቹ ላይ አሳልፌ ዝም አልኩ።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት የባሌ ታላቅ እህት ሊጠይቁኝ መጡ። በቤተሰቡ ሁሉ «እታለም» ነው የሚባሉት። እሳቸው ልጅነታቸውን ያሳለፉት በዚሁ ቤት ነው። ከባሌ ቀብር ወዲህ ስላልመጡ ደስ አለኝ፤ ደስ ሲለኝም ወዲያው «ለምን መጡ?» አልኩ በሆዴ። አገኘሁት። አንድ ቀን ምሳ በልተን እንደጨረስን ወንበሩን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉና፣

«እኔ እኮ አንድ ነገር ልለምንሽ ነው የመጣሁት» አሉ። «ከስድስቱ አንዱን ስጪኝ። እርጅናዬን እንድቀመጥበት።»

ዛሬ ወንበር፣ ነገ ጠረጴዛ፣ ከነገ ወዲያ ቤቱ። ፊቴ ላይ ግን ፈገግታ አደረግሁ።

«እታለም፣ ለእርስዎማ ዓይኔንም እሰጣለሁ። ግን መቀመጫቸው ላልቷል፤ እንደዚህ ሆነው ብሰጥዎት አሳፍራለሁ። ይጠገኑና።»

«ይጠገኑ» አሉ። እኔን እያዩኝ ትንሽ ቆዩ። እሳቸውም ጠርጣራ ናቸው፤ በዚህ እኔና እሳቸው አንድ ነን።

ልጥ የሚጠልፍ ሰው በከተማው አንድ ብቻ ነው የቀረው። ከገበያው ጀርባ የእንጨት ሠራተኞች መንገድ አለ፤ ሱቆቹ ግራና ቀኝ ተፋጥጠው፣ አልጋና ቁምሳጥኑ ደጅ ተደርድሮ፣ ሰጋቱራው ዝናብ ሲመታው ጭቃውን ለስላሳ የሚያደርግበት መንገድ ነው። ጥጉ ላይ ዳቦ ቤት አለ። ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ያለችው ሱቅ የእሱ ናት። ስሙን የሚጠራው የለም፤ «ጭምቱ» ይሉታል። ሰላም ስትሉት ራሱን ይነቀንቃል፤ ሁለቴ ስትሉት «ደህና» ይላል። ጣሪያው ላይ እግር የሌላቸው ወንበሮች ተንጠልጥለው፣ ኮላው ከሰል ላይ ሲንተከተክ፣ እሱ ጥግ ይዞ ይሠራል። ባሌ በሕይወቱ ሳለ ከዚህች ሱቅ አይጠፋም ነበር። አንድ ቀን ጠይቄዋለሁ፦ «ሁለት ዝምተኞች ተቀምጣችሁ ምን ታወራላችሁ?» «ዝም እንባባላለን» አለኝ። ይሄ መልስ ነው?

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይላሉ። እኔ ዝም ካለ ሰው አፍ ውስጥ ምን እንዳለ ነው የማስበው። ስለዚህ ሁለት ወንበር በአንድ ጊዜ አልሰጠሁትም። አንዱን አስጠግኜ፣ ቤት አምጥቼ፣ ከላይ እስከ ታች ፈትሼ ስጨርስ ነው ሁለተኛው የሚሄደው። የመጀመሪያው ተጠግኖ መጣ፤ ልጡ የከበሮ ቆዳ መስሎ ተወጥሯል። ሁለተኛውም እንዲሁ። እንከን አጣሁ። እንከን ሳጣ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ሦስተኛውን ተሸካሚ አሸክሜ የሄድኩ ዕለት ሳልነግረው ነው የደረስኩት። ሱቁ ክፍት ነው፣ እሱ የለም። ዳቦ ሊገዛ ተሻግሮ ኖሯል። ባዶ ሱቅ ውስጥ ዝም ብሎ መቆም የሚችል ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኔ አልችልም። ወደ ውስጥ ዘለቅሁ። ከጀርባ፣ ጣውላ ከተደገፈበት ግድግዳ ጥግ፣ ሸራ የለበሰ ነገር አለ። ሸራውን ገለጥኩት።

የወይን ቅጠል።

ቁጭ ብዬ አየሁት። ጥቁር እንጨት፣ የሸንበቆ ልጥ፣ የእግሩ ጉልበት ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ቅርጽ። የእኔ ወንበር ነው። ነገር ግን የእኔ አንዱ ደጅ ተሸካሚው ትከሻ ላይ ነው፤ አምስቱ ቤት ናቸው። ስድስት ወንበር ያላት ሴት ሰባተኛውን አናጢ ሱቅ ውስጥ ካገኘች ምን ትላለች? እኔ ወዲያው ገባኝ። ሸራውን እንደነበረ መልሼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ዳቦውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲመጣ ተገጣጠምን።

«ሐሳቤን ቀየርኩ» አልኩት። «ይሄኛው ገና አላረጀም።»

ራሱን ነቀነቀ። ለምን እንኳ አላለም። ንጹሕ ሰው ለምን ይላል።

ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። እታለም አትክልቱ ውስጥ የደረቀ ጽጌረዳ እየቀነጠሱ ነበር። የተጠገኑትን ሁለቱን ወንበሮች መስኮት አጠገብ ወስጄ በብርሃን አየኋቸው። የማንኪያዋ ጭረት አለች። የቀበቶዋም አለች። ሌላ ሰው ቢሆን ይሄኔ ተመስገን ብሎ ይቀመጥ ነበር። እኔ ግን «እንዴት ያለ ሌባ ነው፣ ጭረቴን ሳይቀር አስመስሎ የሚሠራ!» አልኩ። ከአራቱ ጋር አስተያየኋቸው፤ ቀለማቸውም፣ ጠረናቸውም አንድ ነው። ይሄ ጭራሽ አባሰብኝ። እንዲህ የተካነ ከሆነ ስንቱን ቤት ገፎታል ማለት ነው! ነገሩ በደንብ ግልጽ ሆነልኝ፦ እውነተኛውን ያስቀራል፣ አምሳያውን ይመልሳል። አንዱን ሸጦታል፤ ሌላኛው ሸራ ሥር ገዢ ይጠብቃል።

በማግስቱ ገበያው ሲደምቅ ጠብቄ ሄድኩ። እኔ ድምፅ ሲያስፈልገኝ ድምፅ አለኝ። ከሱቁ ፊት ለፊት መሐል መንገድ ላይ ቆምኩና፣

«ጭምቱ! ና ውጣ!» አልኩ።

መላጊያውን እንደያዘ ወጣ። የጎረቤት መዶሻዎች አንድ በአንድ ዝም አሉ።

«ያ ሸራ ሥር የደበቅከው ምንድን ነው?»

ፊቱ ልውጥ አለ። ያንን ሳይ ልቤ በደስታ ዘለለ፤ ሰው ሲያዝ የሚሆነውን አውቃለሁ።

«እትዬ፣ እባክዎ ወደ ውስጥ ይግቡና እንነጋገር።»

«አልገባም! እዚሁ፣ ሰው በሰማበት! ወንበሩ የማን ነው?»

ሰው ተሰብስቧል። የዳቦ ቤቷ ባለቤት እጇ በዱቄት እንደተለወሰ ደጃፏ ላይ ቆማለች። እሱ መሬት መሬት አየና በመጨረሻ፣

«የእርስዎ ነው። ይውሰዱት» አለ።

«ሰማችሁ? በአፉ!» አልኩ ወደ ሰዉ ዞሬ። «ባሌ ወንድሜ ይለው የነበረ ሰው! አምሳያውን እየሰጠ እውነተኛውን ያስቀራል! ዕቃችሁን እዚህ ያስገባችሁ ዓይናችሁን ግለጡ!»

ብዙ ማለት አላስፈለገኝም። ባለዳቦ ቤቷ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተሻገረችና «የእናቴ ቁምሳጥን ውስጥ ነው ያለው፤ እንዳለ አውጣልኝ» አለችው። «ኮላው አልደረቀም» አላት። «ባይደርቅም» አለች። ሌላው ጠረጴዛውን፣ ሌላው የሕፃን አልጋውን ጠየቀ። እሱ አንድም ሳይከራከር እያነሳ ያወጣላቸው ጀመር። እኔ ወንበሬን ተሸካሚ አሸክሜ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ልክ ሆኜ አላውቅም ብዬ አስብ ነበር።

እታለም በር ላይ ተቀበሉኝ። ነገርኳቸው። እሰይ ብለው አጨበጨቡ ብላችሁ ነው? ወንበሩን ወለሉ ላይ በፊቱ ደፉት። መነጽራቸውን አድርገው መቀመጫውን ከሥር አዩና ድንገት ሳቁ፣ እንደ ልጅ።

«ይኸውና ኮከቤ!»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ልጡ የሚታሰርበት እንጨት ሥር፣ በምስማር የተጫረች ጠማማ ኮከብ አለች።

«ልጅ ሆኜ ጥፋት ባጠፋሁ ቁጥር ጠረጴዛው ሥር ነበር የምደበቀው» አሉ። «እዚያ ተኝቼ በስድስቱም ሥር በምስማር ኮከብ ጫርኩ። ለወንድሜም አልነገርኩትም፤ እናታችን ብትሰማ ቆዳዬን ነበር የምትገፈው።»

«አዩ!» አልኩ። «እውነተኛው ይሄ ነው! ሌባ ነው አላልኩዎትም?»

እታለም ግን እኔን አልሰሙኝም። ተነስተው ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉትን አንድ በአንድ ይደፏቸው ጀመር። አንዱ ሥር ምንም የለም። ሁለተኛውም ሥር። ሦስተኛ፣ አራተኛ። ስድስቱም እግራቸውን ወደ ጣሪያ አንስተው ተደረደሩ፣ አንድም ኮከብ የለም።

«ስድስቱንም ለውጧቸዋል!» ብዬ ጮህኩ።

እታለም መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስንቱን ነው የሰጠሽው?»

«ሁለት... በአንድ ጊዜ አይደለም! አንዱ ሳይመለስ ሌላውን አልሰጠሁም። እኔን አያውቁኝም?»

«እኔማ አውቅሻለሁ። አራቱ ከዚህ ቤት ወጥተው ያውቃሉ?»

«በሞቴ፣ እግራቸውን ከበር አላወጡም!»

«እንግዲያው አራቱን ማን ለወጣቸው?»

መልስ ስፈልግ እታለም ሲያዩኝ አየኋቸው። ያ አስተያየት ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

«ሸጠሻቸው ነው?» አሉ ቀስ ብለው። «ከሆነ ንገሪኝ። አልፈርድብሽም።»

እኔ! የአማቴን አደራ! እንባዬ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ንጹሕ ሰው ሲጠረጠር አፉ ለምን እንደሚተሳሰር አወቅሁ፤ «አልሸጥኩም» ማለት እንኳ የሌባ ቃል ሆኖ ታየኝ። ነጠላዬን አነሳሁና «ይነሱ፣ እንሂድ» አልኳቸው። «የሚያውቀው ያ ሰውዬ ነው።»

ሱቁ ውስጥ ከጣሪያ ላይ ከተንጠለጠሉት በቀር ብዙ ነገር አልቀረም። ከሰሉ ጠፍቷል። ጭምቱ ባዶ መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እኛን ሲያይ ተነሳ። እታለም ናቸው የተናገሩት፤ እኔ ድምፄ የት እንደገባ እንጃ።

«ልጄ፣ ስድስቱም ወንበሮች አሮጌዎቹ አይደሉም። አሮጌው አንተ ጋ የነበረው ብቻ ነው። የምታውቀውን ንገረን።»

ወደ እኔ አየ።

«ምያለሁ» አለ። «ለባለቤትዎ።»

«እሱ ሞቷል» አልኩ።

«እኔ አልሞትኩም» አለ። ከዚያ በዓመታት ከአፉ ሰምቼ የማላውቀውን ያህል በአንዴ አወራ።

«ክረምት ላይ ነው። እርስዎ እናትዎን ሊያስታምሙ ሄደዋል። ባለቤትዎ መጡና 'ከዕቃ ቤቱ በር ሥር ዱቄት የመሰለ ነገር እየወጣ ነው' አሉኝ። ሄደን በሩን ከማጠፊያው ፈታነው። ላስቲኩ ውስጥ እንጨቱ ላብ ላብ ብሎት ሻግቷል፤ ነቀዝ ገብቶበታል። ላስቲኩን ስንፈታው እግሮቹ እጃችን ላይ እየረገፉ ቀሩ። አምስቱን ነቀዙ ወደ ቤት እንዳይገባ ጓሮ አቃጠልናቸው። አንዱ ብቻ ተረፈ።»

የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። ጥፍር አድርጌ። ቀቢዎቹ እንዳይቀመጡባቸው።

«'እናቷን ቀብራ ስትመጣ ይሄን አልነግራትም' አሉ። 'በገዛ እጇ እንዳጠፋቻቸው አሁን አትስማ፤ ሲቆይ እኔው እነግራታለሁ' አሉ። የፈረሰ ቤት በር ፈልገን ከዚያ አሮጌ እንጨት ስድስት ሠራሁ። የተረፈውን አብረን ብናስቀምጠው ያስታውቃል ብለው እዚህ እንዳቆየው አስማሉኝ።»

«ጭረቶቹስ?» አልኩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር መጣ።

«እነሱ የእሳቸው ናቸው። በየቀኑ እዚህ ጋ ተቀምጠው በጣታቸው ያሳዩኝ ነበር። 'እዚህ ጋ፣ ጠለቅ አድርጋት፣ ልጄ በማንኪያ የመታቻት ናት። ይቺ ጫፏ ትንሽ ትታጠፋለች።' የቀበቶዋን በራሳቸው ቀበቶ ነው ያደረጓት። አልሆነችም ብለው አስፍቀውኝ ደግመው ሠሯት። 'እሷ በጣቷ ታውቃታለች' እያሉ።»

«ሳቀብኝ?»

«አልሳቁም። ይፈሩዎት ነበር» አለ። ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ «ይሳሱልዎትም ነበር» አለ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፤ አልዋሽም። ስንት ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር እዚያ ጠረጴዛ ላይ በልቷል፣ ለእንግዳ ጭረት ሳሳይ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሰምቷል፣ «እሷ እኮ ዓይኗን ጨፍና ታውቃቸዋለች» እያለ አዳምቆልኛል። ቤት ሄጄ ልጮህበት ፈለግሁ፤ የምጮህበት ሰው ግን የለም። ከሰው ሁሉ መርጬ ያልጠረጠርኩት እሱን አንዱን ነበር። ከንዴቱ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ ያ ሰው ክረምት ሙሉ እዚህ ኮላ ሽታ ውስጥ ተቀምጦ የቤታችንን ጠባሳ አንድ በአንድ ሲያስታውስ ታየኝ። እታለም ክንዴን ያዙኝ።

«ቅድም ለምን አልተናገርክም?» አልኩት። «ሌባ ስልህ!»

«የማን ነው አሉኝ፤ የእርስዎ ነው አልኩ። ሌላ ያልጠየቁኝን ምን ልናገር?»

ያን ዕለት ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስሙን መመለስ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባል አውቃለሁ፤ ቢሆንም የከሰሰ አፍ ራሱ ከመሰከረ ሰው ይሰማል ብዬ አመንኩ። ወጥቼ እዚያው መሐል መንገድ ላይ ቆምኩና ጮህኩ። ወንበሮቼ አምሳያ መሆናቸውን ተናገርኩ። ያጠፋኋቸው እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። ባሌ አስምሎት እንደነበር፣ ሰውዬው በዝምታው እኔኑ እንደጠበቀኝ ተናገርኩ። በከተማው የታወቅሁበትን ኩራቴን አንድ በአንድ ገልብጬ ሰጋቱራው ላይ ዘረገፍኩት።

ባለዳቦ ቤቷ ናት የተናገረችው። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችው።

«ታዲያ እትዬ፣ ባለቤቷ እንኳ የማትለየው አድርጎ የሚሠራ ሰው ከሆነ፣ የእናቴን ቁምሳጥን ያለመለወጡን በምን አውቃለሁ?»

ይህን ብላ ከኋላዬ በሩ ላይ የቆመውን ጭምቱን አየችው። ያንን አስተያየት አወቅሁት፤ የእኔ ነው፣ ቅድም እዚህ ቆሜ ለሁሉም ያደልኩት። ከእሷ ዓይን ወደ ጎረቤቷ ተሻገረ፣ ከዚያም ወደ ቀጣዩ። ሌባ አለመሆኑን ሲሰሙ አስመሳይ አደረጉት። እውነቱን በተናገርኩ ቁጥር ባሰ። «አይደለም እኮ፣ እስቲ ስሙኝ» ስል ሰዉ ራሱን እየነቀነቀ ተበተነ።

እታለም ኮከብ ያለበትን ወንበር ይዘው ሄዱ። የእሳቸው ስለሆነ አልከፋኝም። ስንሰነባበት «የወንድሜን ነገር እኔም አላውቅም ነበር፤ እመኚኝ» አሉኝ። አመንኳቸው። ለእኔ ቀላል አልነበረም።

እኔ ደግሞ እጅ አልሰጥም አልኩ። ጠዋት አትክልቴን አጠጣና ወደ ሱቁ እሄዳለሁ። በሩ ላይ በርጩማ አስጠግቼ እቀመጣለሁ። የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ጠርቼ «ይህ ሰው ታማኝ ነው፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» እላለሁ። አንዳንዱ ቆሞ ይሰማኛል፣ አንዳንዱ ፈገግ ብሎ ያልፋል። ጭምቱ ውስጥ ሆኖ ጥቂት የቀረችውን ሥራ ይሠራል፤ ሰበብ ፈልጌ እንኳ አላናገርኩትም። እዚያ መቀመጤ ብቻ ይበቃል ብዬ ነበር።

አንድ ጠዋት እንደተቀመጥኩ አንዲት ሴት የተሰበረ የመስታወት ክፈፍ ይዛ መጣች። ወደ ሱቁ ልትገባ ስትል እኔን አየች። አወቀችኝ። «አይ፣ ሌላ ቀን እመለሳለሁ» ብላ ክፈፉን በነጠላዋ ሸፍና ሄደች።

ጭምቱ ወጥቶ አጠገቤ ቆመ። እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝ» አለ። «እርስዎ እዚህ በር ላይ ሲቀመጡ፣ ሰዉ ያን ቀን ያስታውሳል። ረስቶት የነበረው ሁሉ እርስዎን ሲያይ ያስታውሳል። እባክዎ... ቢቀሩልኝ።»

ያ ሁሉ ከሆነ በኋላ እንኳ፣ መጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «ምን ሊደብቅ ነው የሚያባርረኝ?» የሚል ነው። ሳልጠራው፣ እንደ ልማዱ ብቅ አለ። ፊቴ ላይ አይቶት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ዓይኑን ግን ወደ መሬት አወረደ።

«ልክ ነህ» አልኩትና ተነሳሁ። በርጩማውን ወደ ውስጥ መለስኩለት። መንገዱን ስሄድ ከኋላዬ የሱቁ በር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ዞሬ ማየት ፈልጌ ነበር፤ አላየሁም።